ጸባችን ከዱባው ጋር አይደለም

እህቶቼ፣ ባለፈው ስብሰባችን የተነሳውን የሃሎዊን ጉዳይ ይዤ ነው የመጣሁት። ያኔ እጄን አውጥቼ መናገር ነበረብኝ። ግን ሰው ፊት ስቆም ቃል ይጠፋኛል፤ በዚያ ላይ ሃሳቡን ያቀረቡት ታላቅ እህታችን ከመጀመሪያው ቤት የወጣሁ ለታ አልጋቸውን ያካፈሉኝ ሰው ናቸው። ፊት ለፊት መሟገት ከበደኝና ዝም አልኩ። ስለዚህ በጽሑፍ ይሁንልኝ፣ እሳቸውም ይቅር ይበሉኝ።

ያሉትን ላስታውስ። «ማንኛዋም አባላችን በሃሎዊን ማታ ልጅ ይዛ ደጅ ለደጅ እንዳትዞር፣ ጭምብል እንዳታጠልቅ፣ የራሷንም ልጅ እንዳትልክ። የሰይጣን በዓል ነው፣ ልመናም ነው፣ የእኛ ባህል አይደለም። ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል!» ብዙዎቻችሁ አጨበጨባችሁ። በደንባችን ይግባ አይግባ የሚለው ለሚቀጥለው እሁድ ድምፅ ተቀጥሯል። እኔ ተቃዋሚ ነኝ።

መጀመሪያ የሰይጣን የተባለውን ልያዝ፣ የሚያስፈራው እሱ ነውና። እኔም ኦርቶዶክስ ነኝ። ኦክቶበር 31 የሚውለው በጽጌ ጾም ውስጥ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምት 21 ማርያም ቀን ላይ ይገጥማል። ትንሿ ልጅ ከሰበሰበችው ቸኮሌት አንድ ስታጎርሰኝ «ጾም ነኝ» ብዬ አስቀምጫለሁ። ነገሩ ሰይጣን ቢሆን ኖሮ እኔ ራሴ ቀድሜ እሸሽ ነበር። ግን ጠየቅሁ፣ አነበብኩም። ሃሎዊን ማለት ራሱ የቅዱሳን ሁሉ በዓል ዋዜማ ማለት ነው። በማግስቱ ኖቬምበር 1 ቀን ካቶሊኮች ቅዱሳንን ሁሉ ያስባሉ፣ በ2 ደግሞ የሞቱትን። ድሮ እንግሊዝ አገር በእነዚህ ቀናት ድሆችና ልጆች በየደጁ እየሄዱ የነፍስ ዳቦ የሚባል ትንሽ ቂጣ ይቀበሉና ለዚያ ቤት ሙታን ይጸልዩ ነበር። እስቲ ይሄን የማያውቅ ማን አለ? ዳቦ ሰጥቶ «ነፍስ ይማር» ማሰኘት ተዝካር አይደለም ወይ? ስንቶቻችን ነን ለእናት ለአባታችን ተዝካር ከዚህ ሆነን ገንዘብ የላክነው።

ዱባውም ቢሆን ቆይቶ የመጣ ነው። አየርላንድና ስኮትላንድ ልጆቹ ፊታቸውን ሸፍነው ሲዞሩ ፋኖስ የሚያደርጉት ልፍት ፈልፍለው ነበር። ልፍት ታውቃላችሁ፤ እዚህ በኮምጣጤ ሮዝ አድርገን ማሰሮ ለማሰሮ የምንሞላው፣ እጃችንን ሳምንት የሚያቀላው ነው። አሜሪካ ሲሰደዱ ዱባ አገኙ፤ ትልቅ ነው፣ ለመፈልፈልም ይቀላል፣ በቃ ተቀየረ። ስደተኛ ያገኘውን ነው የሚጠቀመው። እኛ ጤፍ ስናጣ እንጀራችንን በምን በምን ዱቄት እንደጋገርን ራሳችን እናውቃለን።

እዚያ አሜሪካም ቢሆን አንድ ሆኖ አልቆየም። ድሮ ጎረምሶች በዚያ ማታ አጥር የሚገለብጡ፣ መስኮት የሚሰብሩ ረባሾች ነበሩ። በ1930ዎቹ (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ሰው ረብሻ ከሚመጣበት ጣፋጭ መስጠት ይሻላል አለ። «ወይ ስጡን ወይ እንሠራላችኋለን» የሚባለው ያኔ ነው የተስፋፋው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሳቢያ ከ1942 እስከ 1947 ስኳር በራሽን ሆነና ዙረቱ ቀዘቀዘ፣ ስኳሩ ሲመለስ የከረሜላ ፋብሪካዎች ገበያ አደረጉት። በ1950 ደግሞ ልጆች ከከረሜላው ጋር በትንሽ ካርቶን ሳንቲም እየሰበሰቡ ለዩኒሴፍ መስጠት ጀመሩ። በ1974 ቴክሳስ አንድ አባት የገዛ ልጁን በዚያ ማታ በመርዝ ጣፋጭ ገደለ። ከዚያ ወዲህ ፍርሃቱ ባሰና ከማያውቁት ቤት የተጋገረ ነገር መቀበል ቀረ፣ የታሸገ ብቻ ሆነ። ዴ ሞይን በምትባል ከተማ ልጆቹ ለረጅም ዘመን የሚወጡት በ30 ነበር፤ ቀልድ ሳይናገሩም ከረሜላ አይሰጣቸውም። ሜሪላንድ ያለችው የአክስቴ ልጅ እንደነገረችኝ ደግሞ በረንዳው ላይ መብራት ያበራ ቤት «ኑ» ማለቱ ነው፣ ያጠፋ «አልፈልግም» ማለቱ ነው፣ ማንም በማንም አይቀየምም። ነገሩን የማይወዱ አንዳንድ ቤተ ክርስቲያኖች እንኳ ግቢያቸው ውስጥ መኪና ደርድረው፣ የኋላውን ከፍተው ከዚያ ለልጆች ያድላሉ። እዚያው ባለቤቶቹ ዘንድ እንዲህ ከተለያየ እኛ በየትኛው ላይ ነው ደንብ የምናወጣው?

ደጅ ለደጅ መዞር የአሜሪካ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከእኛ በታች ፎቅ የምትሠራው ፊሊፒናዊት፣ ልብስ ስናሰጣ በበልኮን የምናወራ፣ በአገሯ በሙታን ቀን ዋዜማ ሰዎች እንደ ነፍስ ሆነው በየቤቱ እየዘፈኑ በቅጠል የተጠቀለለ የሩዝ ኬክ ይሰጣቸዋል አለችኝ። ፓንጋንጋሉሉዋ ይሉታል። ንፉግ ቤት ሲገጥማቸው ዶሮውን ይሰርቃሉ አለችኝ እየሳቀች። አሁን ግን በከተማው ያው የሞል ሃሎዊን እየተካው ነው ብላ ታዝናለች። እኔ ከቤሩት በፊት ሁለት ዓመት ኩዌት ነበርኩ። እዚያ በረመዳን አጋማሽ ገርገዓን አለ፤ ልጆች አንገታቸው ላይ ከረጢት አንጠልጥለው እየዘፈኑ ይዞራሉ። የማዳሜ እናት በእሳቸው ጊዜ እፍኝ ኦቾሎኒና ከረሜላ ነበር ይሉ ነበር። በእኔ ጊዜ ግን የልጁ ፎቶ የታተመበት ሣጥን ሆኗል፤ እስከ ሱሁር ድረስ ስንት መቶ ሣጥን ሪባን እንዳሰርኩ ጣቶቼ ይናገሩ። እዚያም «ይሄ ሃይማኖት ውስጥ የለም» የሚሉ ሼኾች አሉ። ሙስሊም እህቶቼ፣ ክርክሩ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ።

አሁን ወደዚህ አገር ልምጣ። የማዳሜ እናት፣ ተይታ የምንላቸው፣ ሃሎዊንን ከታላቅ እህታችን በላይ ነው የሚጠሉት። ምክንያታቸው ግን ሌላ ነው፤ «እኛ በርባራ እያለችን ከአሜሪካ ምን አመጣው!» ነው የሚሉት። ዲሴምበር 4 በዋዜማው ማታ የሊባኖስ ክርስቲያኖች ልጆች ጭምብል አድርገው ይዞራሉ። ታሪኩን ተይታ ሽንኩርት እየላጥን ነገሩኝ። ቅድስት በርባራ ክርስቲያን በመሆኗ አባቷ ሊገድላት ሲያሳድዳት ራሷን ለውጣ ሸሸች፤ የስንዴ ማሳ ውስጥ ስትሮጥ ስንዴው ወዲያው አድጎ ሸፈናት። ልጆቹ መልካቸውን የሚለውጡት እሷ ስለለወጠች ነው። በዚያ ማታ የሚበላው ደግሞ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ንፍሮ! የተቀቀለ ስንዴ፣ ላዩ ላይ ስኳር፣ ዘቢብ፣ ለውዝና የሮማን ፍሬ ይነሰነስበታል። መጀመሪያ ቀን ድስት ሙሉ ንፍሮ ቀቅለው ሳይ ሰው የሞተ መስሎኝ «ማን አረፈ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ተይታ እስከ ዛሬ ለእንግዳ እያወሩ ይስቁብኛል። ስንዴ ጥጥ ላይ ዘርተውም ሲበቅል ለገና በግርግሙ አጠገብ ያኖሩታል።

በርባራ እኮ የእኛም ናት። በስንክሳራችን ታኅሣሥ 8 ቀን ዮልያና ከምትባል ሰማዕት ጋር ትታሰባለች። ከአባቷ ቤት የሸሸች፣ ፊቷን የሸፈነች ልጅ። ከአሠሪ ቤት በሌሊት የወጣን ሰዎች ይቺን ቅድስት የሰይጣን ጭምብል ስንላት ትንሽ አያሳፍርም?

የእኛ ባህል አልተበረዘም የተባለው ደግሞ ሌላው ነው። የማንን ቡሄ ነው? እናቴ ልጅ እያለች ደሴ ላይ ሆያ ሆዬ ሲጨፈር የሚሰጠው ሙልሙል ነበር። እኔ ልጅ እያለሁ ሳንቲም ሆነ፤ ስሙኒ ከሰጡ ጥሩ ቤት ነው፣ አንድ ብር ከሰጡ ሠፈሩ ሁሉ ያወራል። አሁን ታናሽ ወንድሜ እንደሚለኝ ጎረምሶቹ መንገድ ላይ መኪና አስቁመው መቶ ብር ይጠይቃሉ፣ ካላገኙ ያንጓጥጣሉ። እሱንስ ማን ልመና አለው? ሴት ልጅ ደግሞ በቡሄ አትዞርም፣ ተራዋ በእንቁጣጣሽ አበባየሆሽ ነው ይባል ነበር። እኔ ግን ዘጠኝ ዓመቴ ላይ የወንድሜን ሱሪ ለብሼ፣ ኮፍያ አድርጌ፣ ዱላ ይዤ ከወንዶቹ ጋር ዞሬያለሁ። አንዲት ሙስሊም ጎረቤታችን ነበሩ፤ በየዓመቱ ለቡሄ ልጆች ሳንቲም ዘርዝረው የሚጠብቁ። በድምፄ አወቁኝ። ምንም ሳይሉ ሁለት ስሙኒ እጄ ላይ አድርገው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። እናቴ ግን አንድም ሳትምረኝ ገረፈችኝ። ዛሬ ደሴ ላይ ሴት ልጆች ከወንዶቹ ጋር ሲጨፍሩ ቪዲዮ ይላክልኛል። ማን ፈቀደላቸው? ማንም። እኔን የመሰሉ ባለሱሪዎች በዝተው ነው።

ልመና የተባለውም እንዲሁ ነው። ለማኝ ስለተቸገረ ይለምናል፣ ማንም አይስቅበት። ሆያ ሆዬ የሚለው ልጅ ግን ዘፈን ያቀርባል፣ ቤቱን ያሞግሳል፣ መርቆ ይሄዳል። ስኮትላንድም ልጁ ግጥም ወይም ዘፈን ካላቀረበ አይሰጠውም ነበር። የዛሬው የሞል ሃሎዊን ላይ ቅሬታ ካለኝ ይሄ ነው፤ ልጁ አንድ ቃል ሳይናገር ባልዲውን ይዘረጋል፣ እኛ እንጨምራለን፣ ያልፋል። ትንሿ ልጅ አንድ ቀን «በእናንተ አገር ሃሎዊን አለ?» ስትለኝ ስለ ሆያ ሆዬ ነገርኳት። በሊፍቱ ስንወጣ በየፎቁ ካላልሽልኝ ብላ አስጨንቃኝ፣ አምስተኛ ፎቅ ያሉት ሽማግሌ በራቸውን ከፍተው አጨበጨቡልን።

እህቶቼ፣ ይሄን ሁሉ ያወራሁት ሃሎዊን እንዴት ያምራል ለማለት አይደለም። ጸባችን የሚሆነው ነገር እዚያው አጠገቡ ቆሞ እኛ ዱባውን እየወገርን ስለሆነ ነው።

ሦስት ዓመት ይሆነዋል። በሃሎዊን ማታ በሩ ላይ ቆሜ ለሚመጡት ልጆች አድላለሁ። ጠንቋይ መጣ፣ ልዕልት መጣች፣ ሸረሪት ሰውዬው መጣ። ከዚያ ዘጠኝ ዓመት የሚሆነው የጎረቤት ልጅ መጣ። ፊቱን ጥቁር ተቀብቷል። ሻርፕ በራሱ ላይ አስሯል። እኔ የምለብሰውን ዓይነት ዩኒፎርም ለብሶ፣ ቢጫ ጓንት አጥልቆ፣ የወለል መጥረጊያ ይዟል። «ማዳም ማፊ፣ ማዳም ማፊ» ይላል በእኛ በተሰባበረው ዓረብኛ። ሳሎን የነበሩት እንግዶች በሳቅ ፈረሱ። ማዳም ከእኔ አጠገብ አቆመችውና ፎቶ አነሳችን። እኔም ቸኮሌቱን ከረጢቱ ውስጥ ጨመርኩለት። ምን አደርጋለሁ? ልጁ ምንም አያውቅም፤ የቀባችው እናቱ ናት። የእነሱ ሠራተኛ፣ ሐበሻ ናት፣ ከኋላው ቆማ የልጁን ጃኬት ይዛ ነበር። እሷም እኔን አላየችኝም፣ እኔም እሷን አላየኋትም። መሬት መሬቱን አየን።

ልጆቹ በዚያ ማታ የሚለብሱት የሚያስፈራ ነገር ነው፤ አጽም፣ ጭራቅ፣ የሞተ ሰው። ከእነዚያ መሐል እኛን መክተት ምን ማለት እንደሆነ እስቲ ተኝታችሁ አስቡት። ታላቅ እህታችን ባቀረቡት ደንብ ውስጥ ስለዚህ አንድ ቃል የለም።

ቀጥሎ ሰዓቱ አለ። ኦክቶበር 31 ብዙ ጊዜ የትምህርት ቀን ላይ ይውላል። ልጁን ማልበስ፣ ፊቱን መቀባት፣ ደረጃ ለደረጃ ከረጢት ተሸክሞ መዞር፣ ተመልሶ ቀለሙን ማስለቀቅ፣ ሳሎኑን ከፎም ስፕሬይ ማጽዳት፣ የእንግዳ ሳህን። ስድስት ሰዓት ሌሊት ይሆናል። አሥራ አንድ ተኩል ላይ ደግሞ ሳንድዊች ለመሥራት መነሳት ነው። የሊባኖስ የሠራተኛ ሕግ ከ1946 ጀምሮ የቤት ሠራተኛን ከውስጡ አውጥቷል፤ ያለን ወረቀት በ2009 የወጣው የሥራ ውል ነው። እሱ በቀን ከአሥር ሰዓት በላይ አትሠራም፣ ሌሊት ቢያንስ ስምንት ሰዓት ሳይቋረጥ ታርፋለች፣ በሳምንት ሃያ አራት ሰዓት ዕረፍት አላት ይላል። በሃሎዊንም፣ በበርባራም፣ በገርገዓንም፣ በገናም ይሄ ወረቀት አይታጠፍም። እናንተ ግን «አትዙሪ» የሚል ደንብ አውጥታችሁ ቤት ውስጥ ያለችውን እህት ከማዳሟ ጋር ልታጋጯት ነው። እምቢ ብትል የምትባረረው እሷ፣ እሺ ብትል ከማኅበሩ የምትወቀሰው እሷ። ይሄ መረዳዳት ነው?

ሦስተኛውን ስጽፍ ልቤ ይከብደኛል። ከመሐላችን አንዷ እናት፣ ስሟን አልጠራም፣ ልጇ እዚህ ተወልዶ ወረቀት የሌለው፣ ባለፈው ዓመት የሠፈሩ ልጆች «ና እንዙር» ሲሉት ልላከው ወይ ብላ ጠየቀችን። ኃጢአት ነው ተባለች። ልጁ ከአሮጌ አንሶላ የተሠራ ልብሱን ለብሶ መስኮት ላይ ሲያያቸው አመሸ። ያ ልጅ በሌላው ቀን የእነዚያን ቤቶች ደወል አይጫንም፤ ቢጫን «ማን ነህ፣ የማን ነህ?» ይባላል። ፊቱን ሸፍኖ እንደማንኛውም ልጅ በር የሚከፈትለት በዓመት አንድ ማታ ነው፣ በርባራን ከጨመርን ሁለት። እሱን የከለከልነው ደግሞ እኛ ነን።

ለማዳም መናገር ቀላል ነው አልልም። ፓስፖርቴ በእሷ እጅ ነው። ከዚያ ልጅ በኋላ ሁለት ሳምንት ዝም ብዬ፣ የበርባራ ንፍሮ ስንለቅም ለተይታ ነገርኳቸው። «ተይታ፣ የእኔ ፊት የጭራቅ ልብስ ነው እንዴ?» አልኳቸው። እጃቸውን ከስንዴው አነሱ። ለረጅም ጊዜ አልተናገሩም። ከዚያ ስልክ አንስተው የልጁን አያት ጠሩ፤ ጓደኛቸው ናቸው። ምን እንዳሉ ሁሉንም አልሰማሁም፣ ድምፃቸው ግን ከፍ ብሎ ነበር። ማዳም ሦስት ቀን አኮረፈችኝ፣ «እኛ ቤት ምን በደልንሽ?» አለችኝ። በበርባራ ማታ ልጁ የባሕር ወንበዴ ሆኖ መጣ። ሌላ ሕንፃ ላይ እንዲያው ዓይነት ልብስ አሁንም እንዳለ አውቃለሁ፤ አምና አንዷ ፎቶ ልካልኛለች።

ስለዚህ እሁድ እጄን በተቃውሞ አወጣለሁ፣ በምትኩም ይሄን አቀርባለሁ። ማንም አባል ልጅን ሠራተኛ አስመስላ እንዳታለብስ፣ ጥቁር እንዳትቀባ፤ ከታዘዘች ለማኅበሩ ትንገር፣ ብቻዋን አትቁም። ዓረብኛ መጻፍ የሚችሉት ልጆቻችን አንድ ገጽ ያዘጋጁ፤ ይሄ ልብስ ምን እንደሚያደርገን በትሕትና የሚያስረዳ፣ ለትምህርት ቤትና ለሕንፃ ኮሚቴ የሚሰጥ። ያን ማታ ያመሸች በማግስቱ የምታርፍበትን ሰዓት አስቀድማ ከቤቱ ጋር እንድትነጋገር እንለማመድ፤ እንዴት እንደሚባል የማታውቅ እሁድ ትምጣ፣ አብረን እናጠናለን። የልጆቹን ነገር ለእናቶቻቸው እንተውላቸው። እኔ በበኩሌ ለዚያ ልጅ አንሶላ ሳይሆን ጥሩ ልብስ እሰፋለታለሁ፣ በነሐሴ ደግሞ ሙልሙል ጋግሬ ሆያ ሆዬ አስተምረዋለሁ።

ዱባና ቅልን በተመለከተ ታላቅ እህታችን ልክ ናቸው፣ አበቃቀላቸው ለየቅል ነው። ሁለቱም ግን ተፈልፍለው ነው የሚያገለግሉት። ደግሞም በዚህ ወር በየቤቱ ዱባ ስትፈለፍሉ ሥጋውን እንዳትጥሉት አደራ። ማዳሞቹ አይፈልጉትም። ለእሁድ በፌስታል ይዛችሁ ኑ፣ በርበሬው ከእኔ፣ የጾም ዱባ ወጥ እንሠራና እየበላን ድምፅ እንሰጣለን።